በሁለት ጉልቻ

«ሻይ ልቅዳልሽ የኔ ልጅ? ከትናንት ጀምሮ እህል በአፍሽ አልዞረም እኮ» አሉ ጎረቤታቸው እትዬ አማከለች።

ምስጢር ራሷን ነቀነቀች። ከድንኳኑ በር አጠገብ፣ ወንዶቹ ከሚቀመጡበት አግዳሚ ጫፍ ላይ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አቅፋ ተቀምጣለች። ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ ስትሄድ የያዘችው ቦርሳ ነው። ትናንት ከአውቶቡስ ወርዳ ሰፈር ስትደርስ ድንኳኑን አይታ ከጮኸች ወዲህ ከእጇ አላወረደችውም።

እህቷ ቤቴል በወዲያኛው ጥግ ፍራሽ ላይ ናት። አጠገቧ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ትታለች። የመጣ ለቀስተኛ ሁሉ እዚያ ሊቀመጥ ሲል «ይቅርታ፣ ሰው አለበት» ትላለች፤ እህቷ ግን አልመጣችም።

ለቀስተኛ አንገቱን ደፍቶ ስለሚቀመጥ ምንም የማያይ ይመስላል። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ የሚያውቅ ግን አንገቱን የደፋ ሰው ሁሉን እንደሚያይ ያውቃል።

«እህትማማቾቹ ምነው ተራራቁ?» አለች አንዷ በነጠላዋ አፏን ሸፍና።

«የወንድሟን መሞት ደብቃት ነዋ። ፈተናሽን ጨርሺ ብላ።»

«ታዲያ ደግ ሠራች እንጂ!»

«መደበቁስ ደግ ነበር። እሷ ግን ሰላምታ ላከችላት አሉ፤ በሟች ስም።»

«ኧረ በስመ አብ!»

ቤቴል ሰማች። ብትሰማም ምን ትላለች? እውነት ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይቺ ናት። ምስጢር ትናንት ከመጣች ወዲህ ዛሬ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ አናግራታለች፤ ያውም እንዲህ ብላ፦ «ድንኳኑ ሲፈርስ ሆሳዕና ያለችው አክስቴ ጋ እሄዳለሁ። ከዛሬ ወዲያ ካንቺ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር አላድርም።» ድንኳኑ ደግሞ የሚፈርሰው ዛሬ ነው፤ ፓስተሩ መጥተው ከጸለዩ በኋላ። ቤቴል ወንድሟን ቀብራለች። ከሰዓት በኋላ እህቷንም ልታጣ ነው። ከዚያ በዚህ ቤት ውስጥ ከማን ጋር ትኖራለች?

*

እናታቸው በሕይወት ሳለች ጀሞ ኮንዶሚኒየም ገና ሲሠራ ለግንበኞቹ ምሳ እያበሰለች ትሸጥ ነበር። ጓሮ ሦስት ትልልቅ ጥቁር ድንጋዮች ጎልታ፣ በላያቸው ላይ ሰው የሚያህል ድስት ትጥድ ነበር። እሷ ስትሞት ታላቅ ወንድማቸው ተካ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ቤቴል ከእሱ ሁለት ዓመት ታንሳለች፤ ምስጢር ገና ጥርሷን እየነቀለች ነበር። ዘመድ ተሰብስቦ ልጆቹን ሊከፋፈላቸው ተመካከረ። ትልቁ ለአጎት፣ መካከለኛዋ ሆሳዕና ላለችው አክስት፣ ትንሿ አቅም ላለው ሰው። ተካ ከመሀላቸው ተነሣ። ጓሮ ሄዶ አንዱ ጉልቻ ላይ ቁጭ አለና፣ «እነዚህን ድንጋዮች ከዚህ የሚያነሣ ካለ እኛንም ያንሣን» አለ። ማንም አላነሣቸውም። በሳምንቱ ትምህርቱን ጥሎ የታክሲ ረዳት ሆነ።

መንጃ ፈቃድ አውጥቶ የአቶ ነገሪን ሚኒባስ የያዘ ጊዜ ነው አንድ ግጥም የጻፈው። ሾፌር ሁሉ ታክሲው ውስጥ ጥቅስ ይለጥፋል፤ «ሒሳብ ሳይጠየቁ ይክፈሉ» የሚለውም እንደ ጥቅስ ከተቆጠረ። ተካ ግን የሰው ጥቅስ አልፈልግም ብሎ፣ ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ስቲከር ከሚቆርጥ ልጅ ዘንድ ሄዶ የራሱን አስቆረጠ። ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ፣ ተሳፋሪ ቢወድም ባይወድም ከሚያየው ቦታ ላይ ለጠፈው፦

ሦስት ሆነን ቆምን፣ እንደ እናት ጉልቻ፤
እሳቱም አይለየን፣ ያጠቁረን ብቻ።
አንዱ ቢነሣ እንኳ፣ ሁለቱ ሲቀሩ፣
ድስቱ አይደፋም ከቶ፣ ተጠግተው ካደሩ።

ከሀይሌ ጋርመንት ጀሞ እስኪደርስ ተሳፋሪው ሁሉ ተቺ ይሆናል። «ውሸት ነው፣ በሁለት ጉልቻ ድስት ቆሞ አያውቅም» ትላለች አንዷ። «ከግድግዳ ካስጠጉት ይቆማል» ትላለች ሌላዋ። «ሞተር ሳይክል በሁለት ጎማ ይሄድ የለ!» ይላል ከኋላ የተቀመጠ ወጣት፤ መኪናው በሣቅ ይሞላል። ተካ ግራ ቀኙን እያየ ዝም ብሎ ይነዳል፤ ማታ ግን ለእህቶቹ አንድም ሳያስቀር ያወራላቸዋል።

ምስጢር አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለች የአማርኛ መምህሯ የምትወዱትን ግጥም አምጥታችሁ ተንትኑ አላቸው። እሷ የወንድሟን ወሰደች። ስለ ወንድማማችና እህትማማች ፍቅር የተጻፈ ነው፤ ሞት እንኳ እንደማይቆርጠው ይናገራል፤ ስንኞቹ ያማሩ ናቸው አለች። ወረድ ብላ ግን፣ «ደካማ ጎኑ፦ ገጣሚው የመጨረሻውን ስንኝ ሲጽፍ ምኞቱን እንጂ እውነቱን አልጻፈም። ሦስተኛው ከሌለ ድስቱ ይደፋል» ብላ ጻፈች። ተካ ሰምቶ በሣቅ ፈረሰ።

«እኔ ግጥም ጻፍኩ እንጂ ምድጃ ሠራሁ እንዴ? ቤቲ፣ ስሚያት እስቲ ይቺን ጉድ!»

«አይቆምማ! ገጣሚ ዋሽቶ ያምልጥ እንዴ?» አለች ምስጢር።

«ሲደርስ ታዪዋለሽ» አላት ጸጉሯን እያመሰቃቀለ።

ደረሰ። ምስጢር ለፈተና በሄደች በማግስቱ ጠዋት ተካ ሚኒባሱን ሲያጥብ ስፖንጁን እንደያዘ ወደቀ። ሐኪሞቹ ልቡ ነው አሉ። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ሰው የልብ ሕመም አለው ብሎ የጠረጠረ አልነበረም።

የእድሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ዋቅጅራ ቤቴልን ለብቻዋ ወስደው አነጋገሯት። «መርዶ በአግባቡ ሲሆን ነው። ልጅቱ ፈተና ላይ ናት፤ ስልክም አታስገቡ ተብለዋል። ፍርዱ ያንቺ ነው፣ ልጄ።»

ተካ ያቺ ፈተና እስክትደርስ ስንት ሌሊት እንደነዳ ቤቴል ታውቃለች። «አይነገራት» አለች።

በዚህ አጠፋሽ ብሎ የሚፈርድባት የለም። ያጠፋችው በማግስቱ ነው፤ ከቀብር መልስ። ጫማዋ የመቃብሩን አፈር ሳያራግፍ ልቧ አላስችል አላትና ተማሪዎቹን ይዘው ለሄዱት መምህር ደወለች። ልትነግራቸው ነበር፤ የመጨረሻው ፈተና ሲያልቅ ቀስ አድርገው እንዲያረዷት። መምህሩ ቀደሟት። «እንኳን ደወልሽ! ወንድሟን ስትጠይቅ ነበር። ደህና ነው?»

«ደህና ነው» አለ የቤቴል አፍ። «ተካ በርቺ ብሎሻል በሉልኝ።»

*

ፓስተሩ ጸልየው ሲጨርሱ አቶ ነገሪ ገቡ። ሚኒባሱን ከበር አቁመውታል፤ ሾፌሮች ጓደኞቹ መስተዋቱ ላይ የለጠፉት የተካ ፎቶ ገና አልተነሣም። ቆባቸውን በእጃቸው እያሻሹ በሁለቱ እህትማማቾች መካከል ቆሙ፤ ለየትኛዋ እንደሚናገሩ ግራ የገባቸው ይመስላል።

«እግዜር ያጽናችሁ። እንግዲህ... ከሰኞ ጀምሮ ሌላ ሾፌር ይይዘዋል፤ መኪና ቆሞ አያበላም። ያቺን ጽሑፉን ምን ላድርጋት? ልላጣት ወይስ ትቆይ?»

«ይላጡት፣ ውሸት ነው» አለች ምስጢር ካለችበት ሆና።

«እንዳይነኩት!» አለች ቤቴል። ከፍራሹ ላይ መቼ እንደተነሣች አላወቀችም። «ጋሽ ነገሪ፣ በእግዚአብሔር፣ እንዳይነኩት!»

ምስጢር ተነሣች። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ ጣለችና በድንኳኑ መሀል አቋርጣ መጥታ የእህቷን ክንድ ያዘች። እትዬ አማከለች ሊከተሉ ሲሉ ጋሽ ዋቅጅራ በዓይናቸው ከለከሏቸው።

«ነይ፣ ግጥሙን እንተንትነው» አለች ምስጢር።

ወደ ጓሮ ጎተተቻት። የእናታቸው ጉልቻ ሰሞኑን ሥራ አልፈታም፤ የጎረቤት ሴቶች ለለቀስተኛው ሻይ የሚያፈሉትና ንፍሮ የሚቀቅሉት እዚያ ላይ ነው። ትልቁ ማንቆርቆሪያ ተጥዶ ይንተከተካል። ምስጢር በጨርቅ ይዛ አወረደችውና መሬት ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ አንደኛውን ድንጋይ በጫማዋ ገፋችው። እንቢ አላት። ደግማ ደጋግማ ረገጠችው፤ እያለቀሰች ረገጠችው፤ ተነቅሎ ወደ ቦዩ ተንከባለለ። ማንቆርቆሪያውን አንሥታ ከቀሩት ሁለት ድንጋዮች ላይ መለሰችውና ጨርቁን ወረወረችው።

«ይኸው፣ ሁለት ቀሩ! እስቲ አስቁሚው!»

ማንቆርቆሪያው ለአፍታ የቆመ መሰለ። ከዚያ ባዶ ወደ ሆነው ጎን አዘነበለ፤ ውሃው ከአፉ ፈሶ ፍሙ ላይ ተንጫጫ። ቤቴል ዘላ ሽቦ እጀታውን በባዶ እጇ ጨበጠችው።

«ልቀቂው!» አለች ምስጢር።

ቤቴል አለቀቀችም። እጀታው እሳት ነው። እንባዋ ከሕመሙ ይሁን ከሌላው መለየት አልቻለችም።

«ፊቱን እኮ አላየሁትም፣ ቤቲ! አንድ ጭብጥ አፈር አላለበስኩትም። ‹በርቺ ብሎሻል› ሲሉኝ ምን እንዳደረግሁ ታውቂያለሽ? ዘለልኩ። ለልጆቹ ሁሉ ወንድሜ ሰላም አለኝ ብዬ አወራሁ። እሱ አፈር ውስጥ ሆኖ እኔ ስቄ አደርኩ! እንዴት እንዲህ ታደርጊኛለሽ? ለፈተና ነው? ፈተናው ገደል ይግባ!»

«ለፈተና አይደለም።»

«ታዲያ ለምን?»

ቤቴል እጀታውን አጥብቃ ያዘች። ይህን ለጋሽ ዋቅጅራም፣ ለፓስተሩም፣ በጸሎቷም አልተናገረችውም ነበር።

«አንቺ ጋ በሕይወት ነበራ! እዚህ ሁሉም ‹ነበር› ይላል። ተካ ነበር፣ ደግ ነበር፣ ሣቂ ነበር። በዓለም ላይ ተካ አለ ብላ የምታምን አንቺ ብቻ ነበርሽ። መምህሩ ‹ደህና ነው?› ሲሉኝ... እዚያም ልገድለው አልቻልኩም፣ ምስጢርዬ። በገዛ አፌ እዚያም ልገድለው አልቻልኩም። ትንሽ ይቆይልኝ ብዬ ነው።»

ምስጢር ፊቷን አዞረች። ከድንኳኑ በኩል የእድሩ ሰዎች ሸራውን ሲፈቱ፣ የብረቱ ቋሚ ሲጋጭ ይሰማል። ቤቴል የእጇን ቃጠሎ ረስታ የእህቷን ጀርባ ብቻ ታያለች። ያ ጀርባ ከግቢው ከወጣ እንደማይመለስ ታውቃለች።

«አይቆምም ብዬው ነበር» አለች ምስጢር ሳትዞር። «ሲደርስ ታዪዋለሽ አለኝ።»

«አዎ።»

«ይኸው፣ አይቆምም!»

«አዎ፣ አይቆምም» አለች ቤቴል። ማንቆርቆሪያው ይወዛወዛል፤ ውሃው ከከንፈሩ እየዘለለ ይፈሳል።

ምስጢር ዞረች። መጀመሪያ ያየችው የእህቷን ፊት አይደለም፤ እጇን ነው። ጣቶቿ መካከል ቆዳው ቀልቶ አብጧል።

«ይፈጅሻል እኮ» አለች ቀስ ብላ።

ቦርሳው ከትከሻዋ ላይ ወርዶ አመዱ ላይ ወደቀ። የነጠላዋን ጫፍ ሰብስባ በእህቷ እጅና በሽቦው መሀል አስገባችው፤ ከዚያ የራሷን እጅ በላዩ ጨምራ እጀታውን ያዘች።