የባርኔጣው ችሎት

አባይነህ ከቤይሩት ኮሌጅ ሕግ ተምሮ በተመለሰ በወሩ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ዲፕሎማውን ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ የአራዳን ዳገት ወደ ጊዮርጊስ ይወጣ ነበር። በላይኛው ችሎት የሚያስችሉት አለቃ ገብረዮሐንስ ረዳት ይፈልጋሉ። «ከቀትር በፊት ና፤ ከዚያ ካለፈ ቦታውን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ» ብለውታል። ስለዚህ አዲስ ጫማ አድርጓል፤ ከቤይሩት ያመጣውን ግራጫ ባርኔጣም ደፍቷል።

ከአርመኑ ሱቅ ፊት ለፊት ሲደርስ አንዲት ሴት የኮቱን ጫፍ ያዘችው።

«በሕግ አምላክ! ዳኘን!»

ገንቦ ሻጭዋ እመት ንግስቲ ናት። ከጎኗ ባላምባራስ ወርቅአፈራሁ በቅሎ ላይ ተቀምጠዋል፤ በመካከላቸው በቅሎዋ የሰበረችው የገንቦ ስብርባሪ ተበትኗል። በአገሩ ልማድ ሁለት ተጣዪዎች መንገድ ላይ የያዙት አላፊ አግዳሚ ዳኛ ነው፤ እምቢ ማለት ነውር ነው።

«ቸኩያለሁ፣ እናቴ» አለ አባይነህ።

«ዳኛ ሲቸኩል የት አይተሃል?»

«ባለባርኔጣ ነው፤ የተማረ ይመስላል» አሉ ባላምባራስ። «ይሁን፣ ይዳኘን።»

ሰው ከየሱቁ ወጥቶ ከበባቸው። ለአራዳ ሰው ጥሩ ሙግት ምሳ ያስረሳል።

አባይነህ ጉሮሮውን ጠረገ። ኮሌጅ ሳለ ከሁሉ የበለጠው በካሳ ሕግ ትምህርት ነበር። «የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። ስለዚህ ባላምባራስ ይክፈሉ።»

«እሺ፣ ፈርደሃል» አሉ ባላምባራስ በትሕትና። «ደህና ዋል።» በቅሎዋንም ኮለኮሉ።

«ወዴት ነው?» አለ አባይነህ ደንግጦ።

«ወደ ቤቴ ነዋ! ዋስ ጠራሁ እንዴ?»

ሰዉ ሳቀ። ንግስቲ ራሷን ያዘች። «አንታ ወደይ፣ አንተ ልጄ፣ ዋስ ሳታስጠራ ትፈርዳለህ? ምን ሲያስተምሩህ ከረሙ?»

«የሮማውያንን ሕግ።»

«ሮማውያን ዋስ የላቸውም?»

አባይነህ አሰበ። አላቸው። እንዲያውም ተፈትኖበታል፤ ፈተናው ላይ ግን በበቅሎ የሚሄድ ሰው አልነበረም።

«ከመጀመሪያው እንጀምራለን» አለ።

ለባላምባራስ አንድ ጎረቤታቸው፣ ለንግስቲ ጨው ነጋዴው ኡመር ዋስ ሆኑ። ከዚያም ሁለቱ ባለጉዳዮች ባንድ ጊዜ ጮኹ።

«ገንቦዋን መንገድ መሀል ደርድራ!»

«ጥግ ላይ ነው! በቅሏቸው የኋሊት መጣችብኝ!»

«የኔ በቅሎ ገመድ ትገምዳለች እንዴ፣ የኋሊት የምትሄደው?»

አባይነህ የተማረውን ሁሉ ከላይ እስከ ታች በልቡ አገላበጠ። በቅሎ የኋሊት ትሄድ እንደሆነ የሚናገር አንቀጽ አላገኘም። ፀሐይዋ ደግሞ ወደ አናት እየወጣች ነው።

«እንየዋ» አለ በመጨረሻ። «ባላምባራስ፣ ቅድም እንደመጡት አድርገው ይምጡ። እመት ንግስቲ፣ ገንቦ ይደርድሩልኝ።»

«በተረፈኝ ገንቦማ አትጫወትም! የራስህን ነገር ደርድር።»

አባይነህ ዙሪያውን ተመለከተ። ከዚያ ባርኔጣውን አውልቆ ስብርባሪው አጠገብ፣ ንግስቲ ባሳየችው ጥግ አስቀመጠ።

ባላምባራስ ከታች ተነሥተው መጡ። በቅሎዋ ባርኔጣውን ሳትነካ አለፈች። «አያችሁ?» አሉ ለሰዉ። በዚህ ጊዜ አርመኑ፣ ደጃፉ የቆመው ሁሉ ገበያተኛ መስሎት፣ ግራሞፎኑን ከፈተ። ከቀንዱ ውስጥ የአዝማሪ ድምፅ ወጣ።

ሰዉ ሁሉ የሚያየው በቅሎዋን ነበር። አባይነህ የባላምባራስን እጅ አየ። ዘፈኑ ሲጀምር አንገታቸው ወደ ሱቁ ዘመመ፤ ዓይናቸው ተከደነ፤ እጃቸውም ሳያውቁት ልጓሙን ወደ ደረታቸው ሳበ። በቅሎዋ አንድ እርምጃ የኋሊት ሄደች፤ ሌላ ጨመረች፤ ከዚያም የኋላ እግሯን ባርኔጣው መሀል ተከለች።

ባላምባራስን ከዘፈኑ ያነቃቸው የሰዉ ሳቅ ነው።

«ደግ ድምፅ ነው» አሉ ቀስ ብለው።

«ቅድምም ይህ ዘፈን ነበር?» ብሎ አባይነህ አርመኑን ጠየቀው።

«ሌላ የለኝም» አለ አርመኑ።

«እንግዲያው ልጓሙን የሳቡት እርስዎ ነዎት፤ ይክፈሉ» ብሎ ፈረደ አባይነህ። የባርኔጣውን ሬሳ ከመሬት አነሣ። «ይህስ?»

«ዳኛ ለራሱ አይፈርድም!» አለ ኡመር።

«ይግባኝ!» አሉ ባላምባራስ።

ይግባኝ ሰሚው አለቃ ገብረዮሐንስ ናቸው። እንዳይከዳዱ የባላምባራስ ኩታ ከንግስቲ ነጠላ ጋር ጫፍ ለጫፍ ተቋጠረና ሁሉም በቅሎዋን እየሳቡ በእግር ዳገቱን ወጡ። ባላምባራስ ሲፈጥኑ ንግስቲ ትጎተታለች፤ ንግስቲ ስታርፍ ባላምባራስ ይታነቃሉ። ችሎቱ ደጃፍ ሲደርሱ ቀትር አልፎ ነበር።

አለቃ መጀመሪያ ባርኔጣውን አዩ፤ ቀጥሎም ቋጠሮውን።

«ዘገየህ።»

«የገንቦ ሙግት ዳኝነት ይዞኝ ነው፣ ጌታዬ፤ ባላምባራስ ይግባኝ ብለውብኛል» አለ አባይነህ፤ ዲፕሎማውንም ዘረጋ።

«ይህን የጻፉት ሰዎች ያሉት ቤይሩት ነው። ብትጠፋብኝ ማንን እይዛለሁ? ዋስህን ጥራ፤ መዘግየቱን ከዚያ በኋላ እናየዋለን። ዋስ ከሌለህ ሌላው ሰው ደጅ ተቀምጧል።»

አባይነህ ዘመዶቹ ቡልጋ ናቸው። አራዳ ውስጥ የሚያውቀው ጫማ የሸጠለትን ሰው ብቻ ነበር። ዛሬ ለሁለተኛ ጊዜ ዋስ ረስቶ ተያዘ።

«እኔ ዋሱ ነኝ» አሉ ባላምባራስ።

«ይግባኝ ያሉበት እርስዎ አይደሉም?» አሉ አለቃ።

«ለዚህ አይደል! ፍርዱን ሳስገለብጥበት ፊቱን ማየት አለብኝ። ሥራ አጥቶ ቤይሩት ቢመለስስ?»

አለቃ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። «በል፣ ተቀጥረሃል። ይግባኙን እንስማ። ስንት ገንቦ ነው የተሰበረው?»

«ዘጠኝ!» አለች ንግስቲ።

«ሦስት!» አሉ ባላምባራስ።

«የጠየቅሁት ዳኛውን ነው።»

አባይነህ ስንት እንደሆነ ሳይጠይቅ ነበር የፈረደው። ግን ገንቦ መቶ ቦታ ቢሰበር አንገቱ አንድ ነው። ዲፕሎማውን ከአለቃ ፊት ትቶ፣ አንገት ሊለቅም ዳገቱን ቁልቁል ሮጠ።

ባላምባራስም ዋስ ናቸውና፣ እንዳይጠፋባቸው ንግስቲን እየጎተቱ ተከተሉት።

«እሮጥልዎታለሁ» አለች ንግስቲ እያለከለከች። «አርመኑ ደጃፍ ስንደርስ ግን ጆሮዎን ይያዙ።»