ክብደት ይጨመርበት

ቤት ውስጥ ለምትውል ልጅ፣ ፀሐይ ላይ የሚታይ ስክሪን ምን ይሠራላታል?

እማማ ኤልቢያ ይህን ጥያቄ ከማለዳ ጀምረው ቢያላምጡትም አልዋጥ ብሏቸዋል። የልጅ ልጃቸው ማጋሊ ከወይኑ ዳስ ሥር ተቀምጣለች። ስክሪኑ ወደ ኋላ ዞሮ እንደ ሰሌዳ የሚተኛውን ትንሽ ላፕቶፕ ጭኗ ላይ አድርጋ በብዕር ትጽፍበታለች። የማሽኑ ሠሪዎች "ቀጣዩን ስንሠራ ምን እናሻሽልላችሁ?" ብለው ደንበኞቻቸውን በኢንተርኔት ጠይቀዋል። እሷም የምትመኘውን ጮክ እያለች ትጽፋለች።

"ስክሪኑ ይድመቅ። ፀሐይ ላይ የራሴን ፊት ብቻ ነው የሚያሳየኝ። ማጠፊያው ጠበቅ ይበል፤ ስስልበት ይወዛወዛል። ብዕሩም ማደሪያ ይበጅለት፣ ስንቱን ጣልኩ! ፊደሎቹ ከሥር ይብሩ። ባትሪው ጠዋት ወጥቼ ማታ እስክገባ ያድርሰኝ። ሲም ካርድም ቢገባበት..."

"ስልክ አለሽ አይደል እንዴ?"

"ሁለቱን ይዞ መዞር ይሰለቻላ፣ እማማ።"

መዞር! እማማ ኤልቢያ ቃሏን ቀለብ አደረጓት። ዳሱ ሥር ጥላ ነው፣ የምን ፀሐይ? ሶኬቱ ከወንበሯ ጀርባ ነው፣ አምፖሉ ከራሷ በላይ ተንጠልጥሏል፣ ኢንተርኔቱም ቢሆን በየወሩ ከእሳቸው ጡረታ ይከፈላል። ልጅቱ ከተመኘችው ሁሉ ቤቱ ለሚቀመጥ ሰው የሚረባ አንድም አልነበረም።

ማቴ የሚባለውን የቅጠል ሻይ በቅሉ አድርገው፣ ትኩስ ውሃ ሞልተው አቀበሏት። ማጋሊ በብረት መምጠጫው ምጥጥ አድርጋ መለሰችላቸው።

"አመሰግናለሁ፣ እማማ።"

ቅሉን እንደያዙ ቀሩ። በከተማቸው በሳልቶ ማቴ ላይ "አመሰግናለሁ" ማለት በቃኝ ማለት ነው፤ ያንን ላለ ሰው አይደገምለትም። ማጋሊ ደግሞ በመጀመሪያው ቅል በቅቷት አያውቅም።

ጎረቤታቸው ኦልጋ በአጥሩ ወዲያ ማዶ ልብስ ታሰጣለች። ሄደው ሹክ አሏት።

"ልትሄድብኝ ነው።"

"አለችሽ?"

"ምንም አላለችኝ። የዚያን ማሽን ነገር ስትናገር ነው የገባኝ።"

"ጉድ ፈላ! አንቺ ሴትዮ ደመና ሳይኖር ልብስ ታስገቢያለሽ። ደግሞስ ብትሄድ? ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ እንደ ሥጋ ጨው ነስንሰሽ ልታቆያት ነው?"

"አንቺ ምን አለብሽ! አራቱም ልጆችሽ እዚሁ ጎዳና ላይ ናቸው።"

ኦልጋ ወደ ልብሷ ዞረች።

የማጋሊ እናት ወደ ስፔን ስትሄድ "ለስድስት ወር ብቻ" ብላ ነበር። እማማ ኤልቢያ ያን ቀን ደጃፉ ላይ ቆመው፣ ታክሲው ማዕዘኑን እስኪዞር እጃቸውን አውለበለቡ። ስድስቱ ወር ዓመታት ወለደ። ማጋሊ አደገች፣ ወፎችን መሳል ተማረች። አሁን ለአንድ የዱር እንስሳት ማኅበር ሌሎች አንስተው የሚልኩላትን ፎቶ እያየች ትስላለች። እማማ ኤልቢያም ይህን ማሽን ወደውት ነበር። ልጅቱን ቤት የሚያውላት እሱ ነው ብለው።

ከምሳ በኋላ ከተማው ሁሉ ሸለብ በሚያደርግበት ሰዓት ማጋሊም ተኛች። እማማ ኤልቢያ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሙ። በማሽኑ ጎንና ጎን የሚወጡና የሚገቡ፣ አውራ ጣት የሚያካክሉ ቁራጮች አሉ። ገመድ የሚሰካው በእነሱ ላይ ነው። ማቴ ፈሶበት የፊደሉን ገበታ ስትቀይር ብሎኖቹን በሳህን ይዘውላት ስለነበር አይተውታል። "አይፍሩት፣ ይኼ ማሽን ቢበላሽ የሚጣል አይደለም፣ ይፈታል" ብላ ያስተማረቻቸው ራሷ ናት። ባትሪው የሚሞላበትን ቁራጭ መዘዙና ከአዝራር ማስቀመጫ ቆርቆሯቸው ውስጥ ከታች ቀበሩት። ያልበላ ፈረስ ሩቅ አይሄድም ብለው ነው።

ማጋሊ ስትነሣ ባዶውን ቀዳዳ አየች። ቀና ብላ አያቷን አየች። እማማ ኤልቢያ አተር መፈልፈል ይዘዋል። ልጅቱ ገመዱን በወዲያኛው ጎን ወዳለው ሌላ ቁራጭ ስባ ሰካችበት። መብራቱ ቦግ አለ።

"በአራቱም ቀዳዳ ይሞላል፣ እማማ።"

"እኔ ምን አውቄ!" ጆሯቸው ጋለ።

"አንድ ምኞት ልጨምር መሰለኝ፤ ለቁራጮቹ ቁልፍ ይሠራላቸው። የቤት ሌባ አስቸገረ።" እየሳቀች አጠገባቸው ተቀመጠች። "እርስዎስ? ምን ይሻሻል ይላሉ? ልጻፍልዎ።"

"ክብደት ይጨመርበት።"

"ምን?"

"ይክበድ። እንደ ድሮው የስፌት መኪና፣ ሁለት ሰው ካልተሸከመው ንቅንቅ የማይል ይሁን።"

ማጋሊ ልትስቅ ጀምራ አቋረጠች። ብዕሯን አስቀመጠች።

"ማኅበሩ የጠራኝ ሮቻ ነው፣ እማማ" አለች ቀስ ብላ። "ረግረጉ ላይ። በጀልባ እየዞርን ወፎቹን በዓይኔ እያየሁ ልስላቸው።"

"ለስንት ጊዜ?"

"ለስድስት ወር።"

እማማ ኤልቢያ አተሩን ፈለፈሉ። ቅርፊቱን ጎድጓዳ ሳህኑ ውስጥ፣ ፍሬውን መሬት ላይ እየጣሉ እንደነበር አላወቁም።

"እኔ እማዬን አይደለሁም። ደግሞም እሺ አላልኳቸውም" አለች ማጋሊ። "ቅሪ ካሉኝ እቀራለሁ። እውነቴን ነው።"

አንዲት ቃል ናት። ምላሳቸው ጫፍ ላይ ነበረች። ልጅቱ እንደምትቀር አወቁ። ከዚያ ደግሞ በየጠዋቱ ዳሱ ሥር ተቀምጣ፣ የሰው ፎቶ እያየች፣ ሌሎች ያዩትን ወፍ ስትስል ታየቻቸው። ያውም አንዲት ቅል ማቴ ጠጥታ "አመሰግናለሁ" እያለች።

"ጀልባው ላይ ውሃ ቢገባበትስ?" አሉ በመጨረሻ።

ማጋሊ ብዕሯን መልሳ አነሣች። "ይፈታል፣ ይደርቃል።"

"አንቺስ? አንቺ ስትረጥቢ ማን ፈትቶ ያደርቅሻል? ካልሲ እንኳ በቅጡ የለሽም! ደረትሽ ደግሞ ከልጅነትሽ..."

አንገታቸውን አቀፈቻቸው። እሳቸው ግን ስለ ትንኝ ሲነግሯት ቆዩ።

በዚያ ሳምንት እማማ ኤልቢያ የሟች ባላቸውን የዝናብ ካፖርት ቀደው፣ ለማሽኑ ልኩን ጠብቀው ከረጢት ሰፉለት። ለብዕሩ ጠባብ ኪስ አበጁለት። ስክሪኑ ላይ ፀሐይ እንዳያርፍ ደግሞ እንደ ኮፍያ የሚዘረጋ ጥቁር ጨርቅ አከሉበት። ሠሪዎቹ እስኪያሻሽሉት ማን ይጠብቃል? መርፌው ጣታቸውን ሁለቴ ወጋቸው። ኦልጋ በአጥሩ አይታ፣ አፏ ላይ የመጣውን ቀልድ መልሳ ዋጠችው።

የመሄጃዋ ቀን አውቶቡሱ እኩለ ቀን ላይ ነበር። ማጋሊ ክፍሏ ውስጥ ልብስ በሻንጣ ትከታለች። መሳቢያው ሲከፈት፣ ሲዘጋ ይሰማል። እማማ ኤልቢያ የወሰዱትን ቁራጭ ከብዕሩ ጋር በከረጢቱ ኪስ ከተው፣ ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ አመቻችተው አስቀመጡ። የገዙላትን ካልሲዎች ደረቡበት።

ከዚያ ወደ ደጃፉ ተመለከቱ። እዚያ ቆሞ እጅ ማውለብለብ፣ ዞሮ ደግሞ ዝም ወዳለ ቤት መግባት፣ ያን አንድ ጊዜ አድርገውታል። ሁለተኛ ጉልበቱ የላቸውም።

የሻንጣው ዚፕ ሲዘጋ ሰሙ።

"እማማ?" አለች ማጋሊ ከውስጥ። "እማማ፣ ብዕሬን አይተውልኛል?"

የገበያ ቀን አልነበረም። እማማ ኤልቢያ ዘንቢላቸውን ከሚስማሩ አወረዱና በሩን ቀስ ብለው ከፍተው፣ ከልጅቱ ቀድመው ወጡ።