ጨርቁ ላይ የቀረው

...ይሟሟል፣ ጨው ከሆነ ይሟሟል፣ ሌላ ምርጫ የለውም፣ ማንኪያው ብርጭቆውን ቅጭል ቅጭል ሲያደርገው እጁን ያዝ ያደርጋል፣ ቀስ በል፣ እትዬ ትሰማለች፣ ምን እያማሰልክ ነው ብትለው ጉሮሮዬን ልጉመጠመጥ ነው ይላታል፣ ታላቅ እህቱ ናት፣ ውሸቱን ጀርባዋን ሰጥታም ታውቀዋለች፣ ግን ይኼ ውሸት አይደለም፣ ከትናንት ጀምሮ ምራቁ አልወርድ ብሎታል። አንድ ማንኪያ። ሁለት። ፓኬቱ መደርደሪያው ላይ ጥጉ ተቆርጦ ቆሟል፣ ማን አመጣው፣ እሱ ራሱ፣ በገዛ እጁ፣ ጨው ማሸጊያው በየሐሙሱ ለሠራተኛ አንድ አንድ ፓኬት ያድላል፣ ትናንት ከሥራ ሲወጣ ተቀብሎ ብብቱ ሥር ወሽቆት መጣ፣ እንደ ሁልጊዜው፣ እጁ ለምዶበታል፣ ጭንቅላቱ የት ነበር፣ ጭንቅላቱማ አምፖሉ ጋ ነበር።

አምፖሉ። ትናንት ረፋድ ላይ ጨዉን በአካፋ ከፍ አድርጎ ሲወረውር እጀታው ከላይ የተንጠለጠለውን አምፖል መታው፣ ጧ፣ ይቺን የምታክል ድምፅ፣ ስብርባሪው ጨው ክምሩ ላይ ረገፈ፣ ዞር ቢል ማንም የለም፣ ጋሽ ሚዛን በሩ ላይ ከሾፌሩ ጋር ይጨቃጨቃሉ፣ አለቃቸው ናቸው፣ ፓኬት በእጃቸው አንስተው ይኼ ጎድሏል ካሉ ጎድሏል፣ ስሙ ከዚያ ወጣላቸው። ትልልቁን ስብርባሪ ለቃቅሞ ኪሱ ከተተ። እዚህ ድረስ ደህና። እዚህ ላይ ሄዶ ጋሼ ሰበርኩ ቢል ኖሮ ያንን ጥግ ጠርገው ይጥሉት ነበር፣ ሁለት አካፋ ጨው፣ በቃ፣ አምፖል ሰበርክ ተብሎ የተሰቀለ ሰው የለም። እሱ ምን አደረገ፣ አገላበጠው። ጨው ቤት የገባ ሁሉ መጀመሪያ የሚማረው ማገላበጥ ነው፣ የታቹ እርጥብ የላዩ ደረቅ፣ ካላገላበጥከው ፓኬቱ ውስጥ ድንጋይ ይሆናል፣ ሲፈራ ጊዜ እጁ የሚያውቀውን ሥራ ሠራ፣ ከጥግ ወደ መሃል፣ ከመሃል ወደ ጥግ፣ ብልጭ ብልጭ የሚለው እስኪጠፋ፣ ግን ጨውም እኮ ብልጭ ይላል፣ የቱ የቱ እንደሆነ በምን ያውቃል፣ ጋሽ ሚዛን ሲመለሱ ዛሬስ ሽቦ ሠራተኛ ወጣው ብለው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት፣ ሽቦ የሚሉት ስለቀጠነ ነው፣ እሱም ሳቀላቸው፣ ሳቀ። አንድ ጥግ የነበረውን ለሁሉም አደለው። ከሰዓት ታሸገ።

ይሟሟ እንጂ።

ድብልቅ፣ ቃሉ ከየት መጣበት፣ ከሰባተኛ ክፍል፣ አራት ሆነው ከሚጣበቁበት ዴስክ፣ የሳይንስ መምህሩ ኮታቸው ጠመኔ በጠመኔ፣ ቁስ ሁሉ ወይ ንጹህ ነው ወይ ድብልቅ ነው፣ ድብልቅም ሁለት ዓይነት ነው፣ ዓይንህ የሚለየውና ዓይንህን የሚሸውደው፣ ከዚያ አሸዋና ጨው ቀላቅለው መዳፉ ላይ አፈሰሱለት፣ በል አንተ አፈ ጮሌው፣ ለይልኝ፣ እለቅመዋለሁ አለ፣ እስከ መቼ፣ እስከ ስምንተኛ ክፍል፣ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፣ መምህሩም ሳቁ፣ ከዚያ ውሃ አመጡ፣ ጨውን ውሃው ይዞት ይሄዳል፣ አሸዋው ጨርቁ ላይ ይቀራል፣ ውሃውን ብታፈላው ደግሞ ጨውህን ይመልስልሃል። ስምንተኛን አላያትም። በዚያው ወር አካፋ ያዘ።

ጠራ። ውሃው ጠራ ማለት ምንም የለም ማለት ነው? መስታወትም እኮ ውሃ ውስጥ አይታይም።

ዛሬ ምን ሆነህ ነው እግሬ ሥር የምትልከሰከሰው ትላለች እትዬ፣ ዞር ሳትል፣ ተራህ ማታ ከሆነ ተኛ፣ ሾርባውን ሚጡ ሳትመጣ እንዳትነካ። ሚጡ የእህቱ ልጅ ናት፣ ሁለተኛ ክፍል፣ የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል፣ ስትበላ ሳታኝክ ነው የምትውጠው። ሳታኝክ። ጨው ጨምረሽበታል? ይላል፣ ድምፁ የሌላ ሰው ይመስላል፣ ደግሞ ባለሙያ ሆንክልኝ ትለዋለች፣ ካመጣኸው ላይ ነዋ፣ ከየት ይመጣል። ድስቱ ክዳኑን እያንቀጠቀጠ ይፈላል፣ ጨዉ እዚያም ሟሟ፣ ያኛውስ፣ ያኛው ከታች ይሽከረከራል፣ ከድንቹ ጋር።

መሐረቡን ሌላ ብርጭቆ አፍ ላይ ይወጥራል፣ ያንቆረቁራል፣ ግማሹ ወደ ውጭ ይፈሳል፣ ከራሱ ጋር ተስማምቷል፣ ጨርቁ ንጹህ ከሆነ ዝም፣ ማንም አያውቅም፣ አምፖሉን ቀና ብሎ ያየው የለም፣ ሰው ሁሉ ተቃጠለ ብሎ ትቶታል፣ ዝም፣ ግን አንድ ፓኬት ንጹህ ሆነ ማለት ሌላው ንጹህ ነው ማለት ነው እንዴ፣ ጨዉን የሚጭነው መኪና ስምንት ሰዓት ላይ ይወጣል፣ ከዚያ ሱቅ ለሱቅ፣ ያቺ ማሸጊያዋ ላይ የምትሠራው ባለ መንታዋም ትናንት ፓኬቷን ይዛ ገብታለች፣ ዝም በል፣ ይንጠባጠባል፣ ጠብ፣ ጠብ፣ በቃ።

አለ። የሆነ ነገር አለ።

ሦስት ነጥብ፣ አራት፣ ወደ መስኮቱ ያስጠጋዋል፣ አሸዋ ነው፣ ጨው ከመሬት አይደል የሚታፈሰው፣ አሸዋ አይጠፋውም፣ ጎሽ አሸዋ ነው፣ ያበራል፣ አሸዋም ያበራል፣ ግራ እጁ ኪስ ይገባል፣ የትናንቱ ስብርባሪ እዚያው ነው፣ መጣል እንኳ ፈርቶ፣ ያወጣዋል፣ አጠገቡ ያስቀምጠዋል፣ ትልቅና ትንሽ። አንዱ ነጥብ ድቡልቡል ነው። ሁለተኛውም። ሦስተኛው ስስ ነው፣ እንደ እንቁላል ቅርፊት ጎበጥ ያለ፣ እንደ ትልቁ፣ ልክ እንደ ትልቁ፣ አሸዋ ስስ ሆኖ አይጎብጥም፣ እማዬ፣ አይጎብጥም።

ደረጃው ላይ የሚጡ ጫማ፣ ጠብ ጠብ ጠብ፣ ሁለት ሁለቱን እየዘለለች፣ እትዬ ክዳኑን ታነሳለች፣ ጭልፋው ይገባል፣ ተናገር፣ ከሥራ ትባረራለህ፣ ተናገር፣ ያስሩሃል፣ ጭልፋው ወጣ።

እትዬ፣ እንዳትቀጂ።

ትዞራለች። መሐረቡን ታያለች፣ ኪሱ ድረስ የራሰውን ሱሪውን፣ ጨርቁ ላይ ያለውን ስብርባሪ፣ ድስቱን፣ ወዲያው ምድጃውን አጠፋችና ድስቱን እንዳለ አንስታ ማጠቢያው ውስጥ ደፋችው፣ እንፋሎቱ ፊቷን ሸፈነው፣ ሚጡ በሩ ላይ ቦርሳዋን እንዳዘለች ምሳዬስ ትላለች፣ ዳቦ ብዪ ትላታለች፣ ከዚያ ለእሱ፣ ቀስ ብላ፣ ስንት ቤት ገብቷል?

ለሠራተኛው ታድሏል፣ የቀረው ስምንት ሰዓት ላይ ይወጣል።

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ታያለች። ለስምንት አምስት ጉዳይ። ታዲያ ምን ያስቀምጥሃል?

ጋሽ ሚዛን ጋ ስልኩ ይጠራል፣ አያነሱም፣ እግዜር ይስጣቸው አያነሱም፣ ሞክሬ ነበር ይላል፣ ይጠራል፣ አነሱ። ከጀርባቸው የመኪና ሞተር ይጮኻል፣ ተነስቷል ማለት ነው፣ ሽቦ፣ ምን ፈለግክ፣ አይሰማም ጮክ በል፣ ጮክ በል ይሉታል፣ ትናንት ሲያገላብጥ እንኳ እንዲህ አላላበውም።

ጋሼ፣ አምፖሉን የሰበርኩት እኔ ነኝ። ስብርባሪው ጨዉ ላይ ነው የረገፈው። ያገላበጥኩትም እኔ ነኝ። የታደለውም አይበላ።

ሞተሩ ብቻ። መሐረቡ ጉልበቱ ላይ መድረቅ ጀምሯል፣ ጠርዙ ላይ ጨዉ ነጭ ነጭ እያለ ይመለሳል፣ እውነታቸውን ነው መምህሩ፣ ይመለሳል፣ ዳር ዳሩን፣ ሰውዬው ለምን አይሰድቡትም፣ ይስደቡት፣ ምን አለ ቢሰድቡት፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ ይጮኻል፣

ሞተሩ ጠፋ።