የልብስ ሰፊው ወገብ

በእሳቸው ዕድሜ ያለ ሰው ሱሪው ወይ ከቦርጩ ሥር ይወድቃል፣ ወይ ከቀበቶው ጋር ሲጣላ ይውላል። የአዛውንቱ ልብስ ሰፊ ሱሪ ግን ሁልጊዜ ልክክ ያለ ነበር። ደንበኛ በገባ ቁጥር «አባባ፣ ምን ቢበሉ ነው እንዲህ ጎረምሳ የሆኑት?» ይላል። እሳቸው ፈገግ ይላሉ፤ ከአጠገባቸው የምትሰፋው ልጃቸውም ትኮራለች። ኩራት ደግሞ ዓይን ይጋርዳል።

አንድ ጠዋት ሱሪያቸውን ልትተኩስ ስትዘረጋው፣ የኋላ ኪሶቹ ተጠጋግተው ሊሳሳሙ ምንም አልቀራቸውም። ገለበጠችው። ስፌት በስፌት ላይ፣ እጥፋት በእጥፋት ላይ፤ ወደ ውስጥ የገባው ጨርቅ ለሕፃን ቁምጣ ይተርፋል። አባቷ በከሱ ቁጥር ሱሪያቸውን እያጠበቡ፣ ክሳታቸውን በመርፌና በክር ከሰፈሩም ከእሷም ደብቀው ኖረዋል። ሱሪውን ይዛ ወደ እሳቸው ሄደች።

«አባዬ፣ ይሄን ሱሪ ለማን ነው ያጠበብከው?»

«ለአንድ ደንበኛ።»

«ለየትኛው?»

«ለማይከፍለው።» እንዳልሳቀች ሲያዩ ጨመሩ፦ «ሽማግሌ እኮ እንደ ሱፍ ነው ልጄ፤ በታጠበ ቁጥር ይሰበሰባል።»

«እንግዲያው አትታጠብ። አሁን ግን ተነስ፣ ጤና ጣቢያ እንሄዳለን።»

ነርሷ መዘነቻቸው፤ ባታቸውንም በሜትር ለካች። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ሲለኩ የኖሩት ሰውዬ ተራው ሲደርሳቸው አቀርቅረው ቆሙ።

«እርጅና ነው» አሉ።

«እርጅና ፀጉር ያሸብታል እንጂ ሰውን እንዲህ አያከሳም። እስቲ አፍዎን ይክፈቱ።» ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው ላልቶ ይንሸራተታል፤ ድዳቸው ቆስሏል። «በዚህ ምን ይበላሉ?»

«ሻይ።»

«ሻይ ይጠጣል እንጂ ይበላል?»

«ዳቦ ነክሬበት።»

ለካስ ምሳ ሲቀርብ «ሥራ አለብኝ» ብለው ሳህኑን ይዘው ጓዳ የሚገቡት ለዚህ ኖሯል። ጥርሳቸው ደንበኛ ፊት ሳህን ላይ ከወደቀ ወዲህ ምሳቸውን የምትበላላቸው የጎረቤት ድመት ነበረች። ድመቷ ደልባ በመስኮት መግባት ቢያቅታት በበር መግባት ጀምራለች፤ ልጅቷ ያንንም አይታ ስቃ አልፋለች።

«ጥርሱ ይስተካከላል» አለች ነርሷ ወደ ልጅቷ ዞራ፤ «እስከዚያ ዝም ካልሽ ግን አንድ ጉንፋን ይጥላቸዋል። ለስለስ ያለ ነገር ስጫቸው፤ እንቁላል፣ ወተት፣ ዘይት ጠብ ያለበት የተፈጨ ምስር። ትንሽ ትንሽ፣ ግን ቶሎ ቶሎ። በየሳምንቱ ይመዘናሉ። ደግሞ ብቻቸውን አታብያቸው።»

ቤት ሲደርሱ እንቁላል በወተት መትታ አብስላ አቀረበችላቸው። ሳህኑን አንስተው ወደ ጓዳ ሲያመሩ በሩ ላይ ቆመች።

«ጥርሴ እስኪስተካከል ብቻዬን ልብላ። አስጠላሻለሁ።»

«እኔ ጥርስ ሳላበቅል ማን ፊት ነበር የምበላው?»

«አንቺማ ግማሹን ሸሚዜ ላይ ነበር የምትተፊው።»

«እኔም ሸሚዝ ለብሻለሁ።»

ቆመው አዩዋት። ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡ፤ ፊታቸውን ሳያዞሩ ጥርሳቸውን አውልቀው ብርጭቆ ውስጥ ጨመሩና ማንኪያውን አነሱ።

«ጨው ያንሰዋል» አሉ አፋቸው እንደሞላ።

ልጅቷ ጨውን ወደ እሳቸው ገፋ አደረገችው።