የሙሽራዋ ዕቃ

«ከመኪናው እንዳትወርጂ አላልኩሽም?» ብሎ ቤገንች ጮኸባት።

አይናባት ግን ወርዳለች። ጎማው የፈነዳው ካራኩም በረሃ መሀል ነው። ባሏ ቤገንች ስኮርታውን ለማውጣት የኋላውን ዕቃ መጫኛ እያራገፈ ነበር። ብርድ ልብሶቿ አሸዋው ላይ ወረዱ፤ የስፌት መኪናዋ ተከተለ፤ ከዚያ ለትዳሯ ብላ በገዛ እጇ የሠራችው ምንጣፍ። በመጨረሻ ወፍራም ካፖርቷ ወጣ። ያኔ ክው አለች።

ሙሽራ ከሠርጓ በኋላ ለአንድ ወር ወላጆቿ ቤት መሰንበቷ በአገራቸው ደንብ ነው፤ አይናባትም ለዚያው እየሄደች ነበር። ዕቃዋ ግን ባሏ ቤት ይቀመጣል፤ እሱም ሽማግሌ ይዞ መጥቶ ይወስዳታል። ዕቃዋን ጠቅልላ የመጣች ሴት ትዳሯ ፈርሷል።

«በዚህ ንዳድ ካፖርት ምን ያደርግልኛል?»

«እማዬ ናት የጫነችው።»

«ምንጣፌንም?»

ክሪኩን ከመኪናው ሥር ሰደደ።

«አፍ የለህም እንዴ?»

«እማዬ ካንቺ ጋር አንድ ምድጃ አልጋራም አለች፣ በቃ! እኔ ምን ላድርግ?»

«እንግዲያው ለአባቴ ንገረዋ።»

«አብደሻል? ወንድሞችሽ ሊቀጠቅጡኝ! የሰፈራችሁ መገንጠያ ላይ አወርድሻለሁ። ራሴ ጠልቼው መጣሁ በያቸው። ተባረረች ከምትባዪ ላንቺም ይሻላል።»

ይሻላል ይላል! ባሏን ጥላ የመጣች ሴት እንኳን ለራሷ ለታናናሽ እህቶቿም ጠያቂ ታሳጣለች። እሱም ይህን አሳምሮ ያውቃል። እስከ ዛሬ ጠዋት ትወደው ነበር። አሁን ጎንበስ ብሎ ብሎኑን ሲያጠብቅ አየችውና ጠላችው።

«በይ ዕቃሽን ጫኚ፣ ሳንቃጠል እንሂድ።»

«አልጭንም።»

«እኔ ያንቺ አሽከር አይደለሁም!»

«ይቅራ።» ገብታ በሩን ዘጋች።

«ጉረኛ! አሸዋ ይብላው!» ብሎ በንዴት ሞተሩን አስነሳ።

ትንሽ እንደሄዱ ዞራ ስታይ ከኋላቸው የመጣ ከባድ መኪና ዕቃዋ አጠገብ ቆሟል። ሁለት ሰዎች ምንጣፏን ሲጠቀልሉ ተመልክታ አለቀሰች። ቤገንች ለእሱ ያለቀሰች መሰለውና ፉጨቱን ጀመረ።

መገንጠያው ጋ ሲደርሱ አቆመ።

«ውረጂ። የምትያቸውን እንዳትረሺ።»

«ምን ረስቼ! ሙሽራ ነኝ፣ ልሰነብት መጣሁ እላቸዋለሁ። ዕቃሽስ ካሉኝ፣ ባሌ ቤት ነዋ።»

ቤገንች ወደ ባዶው የኋላ መጫኛ ተገላመጠ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«አይናባት... ተመልሰን እንልቀመው።»

«ሰዎቹ ጭነውት ሄደዋል። ወሩ ሲሞላ አባቴ ሽማግሌ ሰብስቦ ይጠብቅሃል። የእናትህን ቃል እዚያ፣ በራስህ አፍ ትናገራለህ። ከቀረህ ወንድሞቼ ደጃችሁ ይመጣሉ።»

«እባክሽ፣ አይናባት! በፈጠረሽ!»

በሩን ከፍታ አንድ እግሯን አወጣች። ከዚያ መልሳ አስገባችውና በሩን ዘጋችው።

«ለነገሩ ሙሽራ በእግሯ አትገባም» አለችው። «እስከ ደጃችን ንዳ። ወንድሞቼ ሻይ ሳያጠጡህ አይለቁህም።»