በእግር የሚሰማ ከበሮ

ኢንጂነሯ በመሥሪያ ቤቷ አንቱ የተባለች የኮምፒውተር ባለሙያ ናት። ሲስተም በቆመ ቁጥር «እሷ ትምጣ!» ነው የሚባለው። ቅዳሜ ሲሆን ግን ላፕቶፗን አንጠልጥላ፣ ለሰፈሩ ሰው ሙዚቃና ዳንስ በነፃ ወደሚያስተምር አንድ የበጎ አድራጎት ማዕከል ትሄዳለች። ማዕከሉ ድሮ መጋዘን ነበር፤ ጣሪያው ያፈሳል፣ ኮምፒውተሮቹም የሰው ትርፍራፊ ናቸው። እሷ እነሱን እየጠጋገነች ወጣቶቹን ድምፅ መቅዳትና ማቀናበር ታስተምራለች።

አንድ ቅዳሜ ታናሽ እህቷ ተከትላት መጣች። ታናሿ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ጆሮዋ አይሰማም። በር ላይ ቆማ ዳንሰኞቹን አየች አየችና እህቷን በክርኗ ጎሸም አደረገቻት።

«እኔም መማር እፈልጋለሁ» አለቻት በእጇ ምልክት።

የዳንስ መምህሩ ደግ ሽማግሌ ናቸው፤ ይህን ሲሰሙ ግን ፊታቸው ቅጭም አለ። «ልጄ፣ ጠልቻት አይደለም። ምቱን ካልሰማች ከሌሎቹ ጋር እንዴት አብራ ትሄዳለች?»

ኢንጂነሯን እልህ ያዛት። «ለእሱ እኔ አለሁ፣ ጋሼ!»

ጎረቤታቸውን አናጺ ለምና የጣውላ መድረክ አሠራች። ከተጣሉ ቴፖች የፈታቻቸውን ስፒከሮች ከሥሩ ገጠመች። የከበሮውን ድምፅ ወደ ንዝረት የሚለውጥ ፕሮግራም ጻፈች። ታናሿን ግን አንድም ነገር አላማከረቻትም፤ ላስደንቃት ብላ።

በሙከራው ቀን ታናሿ ጫማዋን አውልቃ መድረኩ ላይ ወጣች። ከበሮው ተመታ። ሌሎቹ ሲዘሉ እሷ ትቆማለች፣ ሌሎቹ ሲያርፉ እሷ ትዘላለች። ለካ ንዝረቱ በኮምፒውተሩ ዞሮ እስኪመጣ ከምቱ ኋላ ይቀራል። ከዳንሰኞቹ አንዷ ሳቀች። ታናሿ ሳቁን ባትሰማም ጥርሷን አይታለች።

ኢንጂነሯ ለመምህሩ ምክንያት መደርደር ስትጀምር ታናሿ ትከሻዋን ይዛ ወደ ራሷ አዞረቻት። እጆቿን በንዴት እያወናጨፈች ተናገረች።

«ለእኔ ብለሽ ሠራሽ፤ ከእኔ ጋር ግን አልሠራሽም። እግሩ የማን ነው?»

ኢንጂነሯ ምክንያት መደርደሯን ተወች። እውነቷን ነዋ! ስለ ስፒከር ስታነብ ስትከርም፣ አጠገቧ የተቀመጠችውን የእግሩን ባለቤት ረስታለች።

እንደ አዲስ ጀመሩ። ታናሿ በባዶ እግሯ ትቆማለች፣ ታላቋ ገመድ ትፈታለች፣ ትቋጥራለች። «ተደበላለቀብኝ። ወፍራሙን ምት ወደ ተረከዜ፣ ቀጭኑን ወደ ጣቶቼ አድርጊው።» ተደረገ። መዘግየቱ ግን አልጠፋ ሲል ኢንጂነሯ ያን የለፋችበትን ፕሮግራም እርግፍ አድርጋ ተወችው፤ ከበሮው ላይ ማይክ ለጥፋ በቀጥታ ከመድረኩ ጋር አገናኘችው።

«ላፕቶፕሽ ከመሃል ሲወጣ ሰላም ሆነ» አለቻት ታናሿ። ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

ማዕከሉ ለሰፈሩ ሰው ባዘጋጀው የዳንስ ትርኢት ዕለት መጋዘኑ ጢም ብሎ ሞላ። እናታቸው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ ልጄን ሰው ይስቅባት ይሆን ብለው ነጠላቸውን ያፍተለትላሉ። ዳንሱ ደመቀ። የሕዝቡ ጭብጨባ ልቡን የነሳው ከበሮ መቺ ግን ያልተለማመዱትን ምት ድንገት አመጣ። ዳንሰኞቹ ተደነጋገሩ፣ እርስ በርስ ተያዩ። ታናሿ ብቻ ተረከዟ ሥር የመጣውን ለውጥ ወዲያው ያዘችው፤ ሳትንገዳገድ በአዲሱ ምት ገባች። ሌሎቹ የእሷን እግር እያዩ አንድ በአንድ ተከተሏት። አዳራሹ በጩኸት ተናጋ።

«የእኔ ልጅ ናት! የወለድኳት እኔ ነኝ!» አሉ እናትየው ብድግ ብለው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ኢንጂነሯ ገመዶቿ መሃል እንደቆመች እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ስንት ሥራ ሠርታ ተሸልማለች፤ እንዲህ ደረቷ የሞላበት ቀን ግን ትዝ አይላትም።

ሕዝቡ ሲወጣ መምህሩ ወደ ታናሿ መጡ። ኢንጂነሯ እንደ ልማዷ ልትተረጉም እጇን አነሳች። እሳቸው ግን «ቆይ፣ ቆይ» አሏትና፣ በደነዘዙ ጣቶቻቸው፣ እየተሳሳቱ እየመለሱ፣ ራሳቸው በምልክት ጠየቋት፦ መስማት ለማይችሉ ልጆች ክፍል ልከፍት ነው፤ አብረሽኝ ታስተምሪያለሽ?

ታናሿ ፊቷ በራ። ጎንበስ ብላ የሽማግሌውን ጣቶች አንድ በአንድ አስተካከለችላቸው።

«እሺ» አለቻቸው። «መጀመሪያ ግን እርስዎን አስተምራለሁ።»