ካርድ ያልመጣበት ገና

ስልኩ ከጠዋት ጀምሮ እረፍት አጥቷል። ጸሐፊዋ ትያሻ እጀታውን ከጆሮዋ ሳትነቅል ጣቷን ቀስራ ዳይሬክተሩን «አንዴ» አለቻቸው፤ የመስኮት ፋብሪካውን ከወጣትነታቸው ጀምሮ ያስተዳደሩት ቦጎሚርም እንደ ተማሪ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«የለም ጌታዬ፣ አልተዘጋንም... ያጽናችሁ? ማን ሞቶ?»

እጀታውን አስቀመጠችው።

«አሁንስ ማን ነው?»

«ከማሪቦር ከተማ ያሉ ደንበኞቻችን ናቸው። የገና ካርዳችን ስላልደረሳቸው እርስዎ ያረፉ መስሏቸዋል።»

«ትናንት ከሰረ ተባልኩ፣ ዛሬ ሞተ። ነገ ደግሞ ከትያሻ ጋር ኮበለለ ይሉኛል።»

በፕቱይ ከተማ የድርጅት የገና ካርድ የመጣለት ሰው አያነበውም፤ የቀረበት ግን ቀብሩ መቼ እንደሆነ ይጠይቃል። ዘንድሮ ትያሻ ዳይሬክተሩን ወጥራ ይዛ፣ ለካርድ የሚወጣው ሁሉ ለበጎ ፈቃደኞቹ የእሳት አደጋ ቡድን ነፍስ አድን ጀልባ እንዲውል አሳመነቻቸው። ባለፈው መከር የድራቫ ወንዝ ሞልቶ ከአፉ ሲወጣ፣ አሮጌዋ ጀልባ ውሃ እያስገባች፣ ሰዎቹ በራስ ቁራቸው እየቀዱ ሲደፉ ከድልድዩ ላይ ሆና አይታለች። ቦጎሚር እሺ ሲሉ አንድ ነገር ብቻ ከለከሉ፤ ማውራት። «ቀኝህ የምትሰጠውን ግራህ አትወቅ ይላል መጽሐፉ።» ግራቸው አላወቀችም፤ ደንበኞቻቸውም አላወቁም። ያላወቀ ሰው ደግሞ የሚያወራው አያጣም።

ጀልባዋ ዛሬ ከሰዓት ውሃ ትነካለች። የክፍያው ማዘዣ ግን ሳይፈረም በቦጎሚር ደረት ኪስ ውስጥ ነው።

በሩ ተበረገደ። መስታወት የሚያቀርብላቸው ስላቭኮ ጥቁር ከረባት አስሮ፣ ዋልነት የሚባለው ፍሬ የተጠቀለለበት ዳቦ ታቅፎ ገባ።

«አንተ! ትተነፍሳለህ እንዴ?»

«ቅር አለህ?»

«ለቅሶ ልደርስ ነበር የመጣሁት። ሳይከፈለኝ እንዳይቀር መስታወቴንም መልሼ ልጭን።»

«ሁለቱንም በአንድ መኪና?»

«ናፍጣ ተወዷል።»

ቦጎሚር ሳቅ ጀምሯቸው ነበር፤ በመስኮቱ ባዶውን የጭነት መኪና ሲያዩ ግን ፊታቸው አመድ መሰለ። «አየሽ ልጄ? መስታወት ሳይኖር የምን መስኮት ነው? ጀልባዋ ትቅር። ዛሬውኑ ካርድ ይታተም።»

«የምን ጀልባ?» አለ ስላቭኮ።

ቦጎሚር ከንፈራቸውን ነከሱ። ትያሻ ዝም ካለች ጀልባዋ ቀረች፤ ከተናገረች ቃሏን በላች። ካፖርቷን አነሳች።

«መናገር ተከልክያለሁ፤ ማሳየት ግን ማንም አልከለከለኝም። አቶ ስላቭኮ፣ መኪናዎን ያስነሱ።»

ሦስቱም ጋቢናው ውስጥ ተጣበው ወንዙ ዳር ሲደርሱ ለጀልባዋ ምረቃ ሰዉ ተሰብስቦ አኮርዲዮን እየቀወጠው ነበር። ብርቱካናማዋ ጀልባ ውሃው ላይ ትወዛወዛለች፤ ለመሄድ የቸኮለች ትመስላለች። የቡድኑ አዛዥ ሚልካ፣ ሥጋ ቤቷን ዘግታ የመጣችው፣ ከሩቅ ጮኸች።

«ዳይሬክተር! ፊርማው መጣ፣ ወይስ ለሻጩ ልመልሳት?»

ቦጎሚር ዞረው ስላቭኮን ያያሉ። ስላቭኮ ጎንበስ ብሎ የጀልባዋን ጎን እንደ መስታወት በጣቱ እያንኳኳ ያዳምጣል።

«በካርዱ ፋንታ ይችን?»

«አዎ» አሉ ቦጎሚር።

«ለኔ የሚላከውም እዚህ ውስጥ አለ?»

«አለ።»

«የቱ ጋ ነው የኔ?»

«ይግቡና ይፈልጉት!» አለች ሚልካ፤ ክንዱን ይዛ እንደ ጭነት አስገባችው። አግዳሚው ላይ ቁጭ አለ፤ ዳቦው አሁንም በብብቱ ነው።

ቦጎሚርም ዘለው ገቡ፤ ማዘዣውን አውጥተው የስላቭኮ ጀርባ ላይ ዘረጉና ፈረሙ። ለሚልካ አቀበሏት። ዳር ያለው ሁሉ በጭብጨባ ቀወጠው፤ ትያሻ እየሳቀች እንባዋ እየወረደ መሆኑን ያወቀችው ጉንጯ ሲቀዘቅዝ ነው።

ስላቭኮ ዞረ። «ቦጎሚር፣ መስታወቱን ግን...»

ሞተሩ አገሳ፤ የቀረውን ዋጠው።

«ምን አልክ?» ቦጎሚር ጆሯቸውን አስጠጉ። ስላቭኮ ደግሞ ተናገረ፤ አፉ ሲንቀሳቀስ እንጂ ሌላ አልተሰማም። ዳር ቆማ የጀልባዋን ማሰሪያ ገመድ የያዘችው ትያሻ ፊታቸውን ለማንበብ ተንጠራራች።

ቦጎሚር እየሳቁ ቀና ብለው አዩዋት። ባርኔጣቸውን በጉልበታቸው መሃል ወትፈው፣

«ልቀቂ!» አሏት።

ለቀቀች። ገመዱ በመዳፏ ውስጥ እያቃጠለ ሮጠ።